የከሰል ቡና ከስቶቭ ቡና ይለያል? በስምንት ሲኒ እንዴት እንደሚፈተሽ

«የከሰል ቡና ሌላ ነው፣ የስቶቩ ቡና አይባልም» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። እውነት ቀምሶ ይለያል ወይስ ልማድ ነው? በአንድ ከሰዓት መፈተሽ ይቻላል።

ዘዴው የስታቲስቲክስ ሊቁ የሮናልድ ፊሸር ነው። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 እንግሊዝ አገር ሮትሃምስቴድ የግብርና ምርምር ጣቢያ ሥራ ጀመረ። እዚያ አንዲት ባልደረባው ወተቱ ከሻዩ በፊት ይግባ በኋላ ቀምሳ እንደምትለይ ተናገረች ይባላል። እሱም እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በስምንት ሲኒ እንዴት መፈተሽ እንደሚቻል አስረዳ። እኛ በቡና እንሥራው። ቀማሿ አክስታችሁ ናት እንበል።

1. ፍርዱን አስቀድማችሁ ጻፉ። ቡናው ሳይፈላ ወረቀት ላይ ይስፈር፦ «አራት የከሰል፣ አራት የስቶቭ ይቀርባል። ስምንቱንም ከለየች አምናለሁ።» ውጤት ከታየ በኋላ የሚወጣ ሕግ ለወደድነው ወገን ያደላል። አክስታችሁም አራት አራት መሆኑን ትወቅ።

2. ከእሳቱ በቀር ሁሉም አንድ ይሁን። ብዙ ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ አትቸኩሉ። አንድ ላይ የተቆላና የተወቀጠ ቡና፣ እኩል ውሃ፣ ሁለቱም አቦል። የከሰሉን አቦል ከስቶቩ ቶና ጋር ካቀረባችሁ የፈተናችሁት ቅጥነቱን ነው። ቡናው ሲሰክን ወደ ሁለት ተመሳሳይ ፔርሙዝ ገልብጡት፤ አንዱ ትኩስ ሌላው ለብ ያለ ከሆነ ምላስ ወዲያው ያውቃል። አተላ የያዘውን መጨረሻ ተዉት። ስኳር አይግባ። አክስታችሁ የከሰሉ ሽታ የማይደርስበት ክፍል ትቀመጥ። ዕጣኑም ለዛሬ ይቅር።

3. ቅደም ተከተሉን ዕጣ ይወስን። ስምንት ቁራጭ ወረቀት አዘጋጁ፤ አራቱ ላይ «ከ»፣ አራቱ ላይ «ስ» ጻፉ። እጠፏቸው፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በደንብ አማሷቸው፣ አንድ በአንድ አውጡ። መጀመሪያ የወጣው የ1 ቁጥር ሲኒ ነው። ቁጥሩን በፕላስተር ሲኒው ሥር ለጥፉ። «ከ» አራት ጊዜ ተከታትሎ ቢወጣስ? አትንኩት። ሰው በራሱ ሲደረድር ማፈራረቅ ይወዳል፣ ቀማሽም ያንን ትገምታለች።

4. የቀዳው ሰው አያቅርብ። የሚያቀርበው ምንም የማያውቅ ይሁን፤ ፊት ብዙ ይናገራል።

5. አሁን ቁጠሩ። ከስምንት ሲኒ አራቱን «የከሰል» ብሎ መምረጫ 70 መንገድ አለ፤ ትክክሉ አንድ ብቻ ነው። በግምት ሁሉንም የማግኘት ዕድሏ 1.4 በመቶ ነው ማለት ነው። ፒ-ቫልዩ የሚሉት ይህን ነው፦ በግምት ብቻ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የተሻለ ውጤት የማግኘት ዕድል። ከከሰሎቹ አንዱን ብትስትስ? ሦስቱን ብቻ ማግኛ 16 መንገድ አለ። ከትክክለኛው ጋር 17 ከ70፣ ወደ 24 በመቶ ይሆናል። በግምት ብቻ ከአራት ጊዜ አንዴ የሚገኝ ነገር ማስረጃ አይሆንም። አንድ ስህተት ልትፈቅዱላት ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው 12 ሲኒ አዘጋጁ፣ ስድስት ስድስት። እዚያ ከከሰሎቹ ቢያንስ አምስቱን በግምት ማግኘት 37 ከ924 ነው፣ 4 በመቶ። ፉት እያለች ትለፈው እንጂ ሁሉንም አትጠጣም።

6. ጀበናዎቹን አቀያይሩና ሌላ ቀን ድገሙት። ይህን የሚዘሉት ብዙ ናቸው፣ እኔ ግን በጣም አጥብቄ የምመክረው እሱን ነው። ከአንድ ጀበና የተቀዳ አራት ሲኒ አራት አፈላል አይደለም፣ አንድ ነው። ከአንድ መደብ የተነቀለ አሥር የስንዴ ዛላ አሥር መደብ እንደማይሆን ሁሉ። አክስታችሁ የለየችው እሳቱን ይሁን የጀበናውን ሸክላ በመጀመሪያው ቀን አታውቁም። በሁለተኛው ቀን ትናንት ስቶቭ ላይ የነበረው ጀበና ከሰል ላይ ይጣድ። የለየችው ጀበናውን ከነበረ መልሷ ተገልብጦ ይመጣል፤ የከሰሉን ሁሉ «የስቶቭ» ትላለች። እሳቱን ከሆነ ግን አሁንም ታገኘዋለች።

ካልለየችስ? «ልዩነት የለም» ብላችሁ አትጻፉ። በስምንት ሲኒ ልዩነቱ አልታየም ማለት ብቻ ነው። ትንሽ ልዩነት ካለ የሚይዘው ብዙ ሲኒና ብዙ ቀን ነው፣ በየቀኑም አዲስ ዕጣ።