የቶርኖ ማሽን ጊሮችን በአግባቡ ማለስለስ

በቶርኖ ማሽን (ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጸው ማሽን) ግራ ጫፍ፣ ከክዳኑ ሥር የሚገኙት ተለዋዋጭ ጊሮች (እንደ ሥራው የሚቀያየሩት ባለ ጥርስ ጎማዎች) በዘይት ውስጥ ስለማይሽከረከሩ በየጊዜው በእጅ መለስለስ አለባቸው። ሥራው የሚጀመረው ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ምንጩ በመንቀል ነው፤ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ቀጥሎ የጠቆረውን አሮጌ ግሪስ ናፍጣ በነካ ብሩሽ ከየጥርሱ ሥር ጠርጎ ማውጣት ይገባል፤ የብረት ብናኝ የተቀላቀለበት ግሪስ እንደ ሞረድ ጥርሱን ስለሚበላ፣ በላዩ ላይ አዲስ መደረብ ከንቱ ድካም ነው። ጊሮቹ ከደረቁ በኋላ የፍጥነት ማርሹን ነጻ አድርጎ ቻኩን (የሚቀረጸውን ብረት ጨብጦ የሚያሽከረክረውን ክፍል) በእጅ እያዞሩ በጥርሶቹ ላይ ስስ ግሪስ መቀባት፣ በቡኮላዎቻቸው (በመሃላቸው ባሉት ቀለበቶች) ላይ ደግሞ ጥቂት ጠብታ ዘይት ማድረግ ያስፈልጋል። የበዛ ግሪስ ማሽኑ ሲነሳ ወደ ቺንጋው (የሞተሩን ኃይል ወደሚያስተላልፈው ቀበቶ) ይረጫል፣ ቺንጋውም ይንሸራተታል።

በዝግ ሳጥን ውስጥ ያሉት ጊሮች ግን በዘይት የሚታጠቡ ስለሆኑ የዘይቱን ከፍታ በመመልከቻው መስታወት መከታተል ይበቃል። ብዙ አምራቾች አይኤስኦ 32 ወይም 68 ዘይት (ቁጥሩ የዘይቱን ውፍረት ያመለክታል) ያዝዛሉ፤ ወሳኙ ግን የማሽኑ መመሪያ ነው። የመኪና ሞተር ዘይት በየጋራዡ ቢገኝም ብናኙ እንዳይዘቅጥ አንሳፍፎ ስለሚይዘው ማጣሪያ ለሌለው ሳጥን አይመረጥም።