የኡዝቤኪስታንን ክለቦች ከነከተማቸውና ከነስታዲየማቸው እንዴት ለይቶ ማወቅ ይቻላል?

ጁን 5 ቀን 2025 ኡዝቤኪስታን አቡዳቢ ላይ ከኤምሬትስ ጋር 0 ለ 0 ተለያይታ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ተከላካዩ አብዱኮዲር ኩሳኖቭ ማንቸስተር ሲቲ ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ «እነዚህ ልጆች የት ነው የሚያድጉት?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አልጠፋም። መልሱ ያለው በአገሪቱ ሊግ ውስጥ ነው። ችግሩ፣ የደረጃ ሰንጠረዡን ስትከፍቱት ፓክታኮር፣ ናሳፍ፣ ናቭባሆር፣ ኔፍትቺ፣ ሶግዲያና እያለ ይወርዳል። የትኛው የየት ከተማ እንደሆነ ከስሙ አይታወቅም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሰልችቶት ይተወዋል። እኔ የሄድኩበትን መንገድ እነግራችኋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

1. ሰንጠረዡን ዝጉና ካርታ ክፈቱ

ከሰንጠረዥ የሚጀምር ሰው ስም ይሸመድድና በሳምንቱ ይረሳዋል። ካርታ ግን አእምሮ ውስጥ ይቀራል። የአገሪቱን ካርታ በወረቀት ላይ በእጃችሁ ሳሉት። ማማር የለበትም። ለዚህ ሥራ ከማንኛውም የስልክ መተግበሪያ ደብተርና እርሳስ ይሻላል፤ እጅ የጻፈው አይጠፋም።

ካርታውን በሦስት ክፈሉት። አንደኛው ዋና ከተማዋ ታሽከንት ናት፤ ሰሜን ምሥራቅ ላይ ታገኟታላችሁ። ሁለተኛው ከእሷ በስተምሥራቅ በተራራ የተከበበው የፌርጋና ሸለቆ ነው። ናማንጋን፣ አንዲጃን፣ ፌርጋናና ኮካንድ እዚያ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሦስተኛው የቀረው ሁሉ ነው፤ ከጂዛክና ከሳማርካንድ ጀምሮ ወደ ደቡብ እስከ ቃርሺና እስከ አፍጋኒስታን ድንበሯ ቴርሜዝ፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ ቡኻራን አልፎ እስከ ኡርገንች ይዘልቃል።

የሸለቆው ክፍል ለብቻው እንዲታያችሁ አድርጉ። ከታሽከንት ወደዚያ በመኪና የሚሄድ ሰው ካምቺክ የሚባለውን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የተራራ መተላለፊያ ማለፍ አለበት። በባቡር ከሆነ ደግሞ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ አለ፤ የተከፈተው በ2016 ነው። ሸለቆው ለብቻው የኳስ አገር የመሰለው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የእርስ በርስ ፉክክራቸው ከታሽከንት ጋር ካላቸው አይተናነስም።

2. ክለቡን ከከተማው ማገናኘት (ትዕግሥት የሚጠይቀው ይሄ ነው)

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

ቀላሎቹን አስቀድማችሁ ጨርሱ። አንዲጃን፣ ቡኻራ፣ ኮካንድ 1912 የሚባሉት ከተማቸውን በስማቸው ይዘዋል። ኮራዝም የክፍለ አገሩ ስም ነው፤ ከተማው ኡርገንች ነው። እነዚህን ካርታው ላይ ጻፉና እለፉ።

ለቀሩት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የከተማው ሰው በምን ሥራ ይተዳደራል? በሶቪየት ዘመን ክለብ የሚቋቋመው በፋብሪካ፣ በማኅበር ወይም በመሥሪያ ቤት ሥር ነበር። ልማዱ ዛሬም አልተነቀለም። መብራት ኃይል፣ ንግድ ባንክ፣ መድን የሚሉ ክለቦችን እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም።

ኔፍትቺን ውሰዱ። የነዳጅ ሠራተኞች ክለብ ነው፤ ስለዚህ ነዳጅ ማጣሪያ ያለበትን ከተማ ትፈልጋላችሁ። ፌርጋና ናት። አጂኤምኬ ደግሞ ሰው ስም ሳይሆን ምሕጻር ነው የሚመስለው፤ ምሕጻርም ነው። የኦልማሊክ የማዕድንና የብረታ ብረት ኮምቢናት (ግዙፍ የፋብሪካ ድርጅት) ክለብ ነው። ኦልማሊክ ከታሽከንት ደቡብ የምትገኝ፣ በመዳብ የምትኖር ከተማ ናት። ሜታሉርግ ካያችሁ የብረት ፋብሪካ ያላትን ቤካባድን ጻፉ። ኪዚልኩም ካያችሁ በዚያው ስም በሚጠራው በረሃ መሐል ያለችውን የወርቅ ከተማ ዛራፍሻንን ጻፉ። ሹርታንና ማሽዓል ደቡብ ላይ ያሉ የጋዝ ከተሞች ክለቦች ናቸው፤ አንዱ የጉዛር፣ አንዱ የሙባረክ። ሙባረክ ትንሽ ከተማ ናት ብላችሁ አትለፏት። ሮማ ድረስ የተጫወተው አጥቂ ኤልዶር ሾሙሮዶቭ ትልቅ ኳስ የጀመረው ማሽዓል ውስጥ ነው። ከዚያ ቡንዮድኮር፣ ከዚያ ሩሲያ ሮስቶቭ፣ ከዚያ ጣሊያን።

በዚህ ጥያቄ የማይፈቱም አሉ፤ ታሪክ የሚፈልጉ ናቸው። ናሳፍ የቃርሺ ክለብ ነው፤ ስሙ የከተማዋ የድሮ መጠሪያ ነው። ሶግዲያና በጥንቱ የአካባቢው አገር ስም ይጠራል፤ ቤቱ ጂዛክ ነው። ናቭባሆር የናማንጋን ነው። ሱርኮን የቴርሜዝ ነው፤ ስሙን ያገኘው በዚያ ክፍለ አገር ከሚፈሰው ወንዝ ነው። እነዚህን አራቱን በቃል ከመያዝ ሌላ ዘዴ የለም።

የታሽከንቶቹ ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ ፓክታኮር፣ ቡንዮድኮርና ሎኮሞቲቭ። ሎኮሞቲቭ የባቡር መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ከ2016 እስከ 2018 ሦስት ዓመት ተከታትሎ ዋንጫ ወስዷል። ፓክታኮር የጥጥ አምራቾች ስም ነው። በ1956 ሲቋቋም አገሩ በጥጥ ነበር የሚታወቀው። ቡንዮድኮር ግን ለጀማሪ ያስቸግራል። በ2005 ሲመሠረት ስሙ ይሄ አልነበረም፤ ለተወሰነ ጊዜ ኩሩቭቺ ተብሎ ተጫውቷል። የአሁኑን ስም የያዘው በ2008 ነው። በዚያው ዓመት ብራዚላዊውን ሪቫልዶን አስፈርሞ ዓለምን አስገረመ። በአሠልጣኝነት ዚኮ መጣ፣ ቀጥሎም ስኮላሪ። ስለዚህ የድሮ ውጤት ስታነቡ ኩሩቭቺ የሚል ካገኛችሁ ሌላ ክለብ አይምሰላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የሻምፒዮኖችን ዝርዝር ስታዩ ዱስትሊክ የሚል ስም በ1999 እና በ2000 ታገኛላችሁ። ዛሬ በካርታው ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ክለቡ ፈርሷል። የ1997ቱ ሻምፒዮን ኤምኤችኤስኬም እንደዚሁ። የድሮ ዝርዝር ይዞ ካርታ የሚሞላ ሰው የሌሉ ክለቦችን ይሥላል።

3. ስታዲየሞቹን መጨመር

አሁን ከእያንዳንዱ ክለብ ሥር ስታዲየሙን ጻፉ። ችግር የሚፈጥረው «ማርካዚ» የሚለው ስም ነው። ማዕከላዊ ስታዲየም ማለት ነው፤ ቃርሺም አለ፣ ናማንጋንም አለ። ስሙን ብቻ ይዛችሁ ካርታ ላይ ብትፈልጉ ስልኩ ወደ አንዱ ይወስዳችኋል፤ እናንተ የፈለጋችሁት ግን ሌላው ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ከተሞች ደግሞ በአገሪቱ ሁለት ዳርቻ ናቸው። ሁልጊዜ ከከተማው ስም ጋር አድርጋችሁ ጻፉት።

የቃርሺው ማርካዚ የተለየ ክብር አለው። በ2011 የእስያ ኤኤፍሲ ካፕ ፍጻሜ የተደረገው እዚያ ነው። ናሳፍ የኩዌቱን ኩዌት ስፖርት ክለብ 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን በገዛ ሜዳው፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት አነሳ። ያኔ የአገሩን ሊግ ገና አንድም ጊዜ አላሸነፈም ነበር። ሊጉን ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደው በ2024 ነው። እኔ ከታሽከንት ውጭ አንድ ክለብ ምረጥ ብባል ያለማወላወል ናሳፍን ነው የምመርጠው።

ታሽከንት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ስታዲየሞችን ለዩ። ፓክታኮር ስታዲየም መሐል ከተማ ላይ ነው፤ እንደ ክለቡ በ1956 የተከፈተ ነው፤ 35,000 ያህል ሰው ይይዛል። በዚያው ስም የሚጠራ የሜትሮ ጣቢያም አለ። ሌላው በ2012 የተከፈተውና 34,000 ገደማ የሚይዘው ሚሊ ስታዲየም ነው። መጀመሪያ የቡንዮድኮር ስታዲየም ይባል ነበር፤ በኋላ የብሔራዊ ስታዲየምነት ስም ተሰጠው። ሎኮሞቲቭ 8,000 አካባቢ የሚይዝ የራሱ ሜዳ አለው። ፌርጋና ላይ የኔፍትቺ ቤት በ2015 የተከፈተው ኢስቲክሎል ነው። የአንዲጃኑ ቦቡር አሬና የተሰየመው በ1483 በዚያችው ከተማ በተወለደው፣ የሙጋልን ግዛት በመሠረተው ባቡር ነው።

የመቀመጫ ቁጥር ላይ ብዙ አትጨነቁ። እድሳት በተደረገ ቁጥር ይለወጣል፤ ሁለት ቦታ ስታነቡ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ። «ገደማ» ብላችሁ ጻፉና ቀጥሉ።

4. ሰዓቱንና ወራቱን ማስተካከል

የእነሱ የውድድር ዘመን እንደ እንግሊዝ በክረምት አያልፍም። ብርዱ ኃይለኛ ስለሆነ በመጋቢት አካባቢ ይጀምርና በኅዳር አካባቢ ያልቃል። ፕሪሚየር ሊጉ በሚያርፍበት ጊዜ እነሱ መሐል ላይ ናቸው። ለእኛ ይሄ ጥሩ ነው፤ ኳስ በሚጠፋበት ወቅት ኳስ አለ። በጋው ደግሞ በጣም ስለሚሞቅ ያኔ ጨዋታዎቹ ወደ ምሽት ይገፋሉ።

ታሽከንት ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ትቀድማለች፤ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። እዚያ 20፡00 የሚል ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር የእነሱ ምሽት 2 ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 12 ሰዓት። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። የፈረንጁን ወደ ሐበሻ ለመለወጥ ስድስት ይቀንስና የአገሩን ልዩነት ይረሳል፣ ወይም ሁለቱን ያደባልቃል። አስቀድማችሁ ሁለት ቀንሱ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ሐበሻ ለውጡ። ዱባይ ያላችሁ አንድ ሰዓት ብቻ ቀንሱ። በበጋ ዋሽንግተን ያላችሁ ዘጠኝ ሰዓት ቀንሱ፤ ያው 20፡00 ለእናንተ ረፋድ 5 ሰዓት ነው። እስራኤል ያላችሁ በበጋ ሰዓታችሁ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው።

5. ለእያንዳንዱ ክለብ አንድ ታሪክ

ካርታው ከሞላ በኋላ ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ ታሪክ ጻፉ። ብዙ አይደለም፤ አንድ ብቻ። ናቭባሆር፦ የ1996 ሻምፒዮን። ኔፍትቺ፦ ከ1992 እስከ 1995 ያሉትን አራት ዋንጫዎች በሙሉ ወሰደ፤ የመጀመሪያውን ከፓክታኮር ጋር ተካፍሎ። አሠልጣኙ ዩሪ ሳርኪስያን ከ1987 እስከ 2013 ከአንድ ክለብ አልተነቃነቀም። እንዲህ ያለ ታማኝነት ዛሬ የት ይገኛል?

የፓክታኮርን ታሪክ ግን በአንድ መስመር አትጨርሱት። ኦገስት 11 ቀን 1979 ቡድኑ ከዲናሞ ሚንስክ ጋር ለመጫወት እየበረረ ሳለ፣ ዩክሬን ሰማይ ላይ ሁለት ቱ-134 አውሮፕላኖች ተጋጩ። 178 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚያ 17ቱ የፓክታኮር ተጫዋቾችና የቡድኑ አባላት ነበሩ። በሶቪየት ከፍተኛው ሊግ የተጫወተ ብቸኛው የኡዝቤክ ክለብ ፓክታኮር ነበር፤ የመላው አገር ኩራት በአንድ ቀን ወደቀ። ሌሎች ክለቦች ተጫዋች ሰጡት። ሊጉም ውጤቱ ምንም ቢሆን ለሦስት ዓመት እንዳይወርድ ወሰነ። ክለቡ ተነሳ፤ እስከ 2024 ድረስ የአገሪቱን ሊግ 16 ጊዜ ወስዷል። የፓክታኮርን ጨዋታ የሚያይ ሰው ይህንን ሳያውቅ ባያይ እመርጣለሁ።

6. ፍለጋ ላይ መጠንቀቅ

«ኔፍትቺ» ብላችሁ ብቻ ብትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ የአዘርባጃን ባኩው ኔፍትቺ ሊሆን ይችላል። «ሎኮሞቲቭ» ካላችሁ ሞስኮ፣ «ዲናሞ» ካላችሁ ኪየቭ ይመጣል፤ የኡዝቤኩ ዲናሞ የሳማርካንድ ነው። የክለቡን ስም ከከተማው ጋር አድርጋችሁ ጻፉ። ለዚህ ነው ከካርታ ጀምሩ ያልኳችሁ።

ኡዝቤክኛ በላቲንም በሩሲያ ፊደልም ይጻፋል። አንዱ ከተማ አንድ ቦታ «ቃርሺ»፣ ሌላ ቦታ «ካርሺ» ተብሎ ይመጣል። ያው ነው። በአንዱ አጻጻፍ ምንም ካላገኛችሁ በሌላው ሞክሩ። ጠለቅ ያለ ዜና የሚገኘው በኡዝቤክኛና በሩሲያኛ ነው፤ የእንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ ውጤት ነግሮ ያቆማል። የስልክ ተርጓሚ ለዚህ ይበቃል፤ የተጫዋች ስም እንደ ተራ ቃል ቢተረጉምባችሁ ግን ዋናውን ጽሑፍ ተመልከቱ።

ኡዝቤኮች እንደ እኛው ቴሌግራም ይወዳሉ። ክለቦቹ አሰላለፍና የጨዋታ ሰዓት እዚያ ይለጥፋሉ፤ ስለዚህ አዲስ መተግበሪያ መጫን አያስፈልጋችሁም። ሁሉንም በአንዴ አትከተሉ፤ ስልካችሁ ይጨናነቃል። አንድ የታሽከንት፣ አንድ የሸለቆ፣ አንድ የደቡብ ክለብ ይበቃል። ለመጀመሪያ ጨዋታ ናቭባሆርና ኔፍትቺ የሚገናኙበትን ቀን ፈልጉ፤ ናማንጋንና ፌርጋና ጎረቤታሞች ስለሆኑ እንግዳው ቡድንም ደጋፊውን ይዞ ነው የሚመጣው።