የግቢን ዛፍ ግንዱን ሳይጎዱ መመልመል

የጎጃም ክረምት ከባድ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የተቆረጠ ቅርንጫፍ ቁስሉ ሳይደርቅ ስለሚቆይ በሽታ ይገባበታል። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ግቢዎ ውስጥ ያለውን ዋንዛ ወይም ግራቪሊያ በበጋ ይመልምሉ። የደረቀና የተሰበረ ቅርንጫፍ ግን ወቅት አይጠበቅለትም።

ገጀራና መጥረቢያ ይተዉ፤ እንጨቱን ይሰነጥቁታል። በደንብ የተሳለ የእጅ መጋዝ ይበቃል።

ወፍራም ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ከላይ ከተጋዘ፣ ተቆርጦ ሳያልቅ በክብደቱ ይገነጠልና የግንዱን ልጥ ልጦ ይወርዳል። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ይቁረጡ። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀው፣ ከሥር ወደ ላይ የውፍረቱን ሲሶ ይጋዙ። ቀጥሎ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ገፋ ብለው ከላይ ቆርጠው ይጣሉት። የቀረችውን ጉቶ በመጨረሻ ያንሱ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ! ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ እንደ አንገትጌ ያበጠ፣ የተሸበሸበ ክፍል አለ፤ በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል። ዛፉ ቁስሉን የሚሸፍነው ከዚያ ተነሥቶ ነው፤ ሳይነኩት ከሱ ወጣ ብለው ይቁረጡ። ረጅም ጉቶ ከተዉ ደግሞ ይበሰብሳል። ቁስሉን ጭቃም ቀለምም አይቀቡት።

አቮካዶ ለየት ይላል። ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ ጥላው በአንዴ ከተገፈፈ ፀሐይ ያቃጥለዋል። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ፣ በዓመት ከቅጠሉ ሩብ ያልበለጠ ብቻ ያሳሱ፤ ለፀሐይ የተጋለጠውን ቅርፊት በውሃ የቀጠነ ነጭ የውሃ ቀለም ይቀቡት።

የመብራት ሽቦ የተጠጋ ቅርንጫፍ ላይ መጋዝ አያንሱ፤ ለመብራት ኃይል ያሳውቁ።