ለላኩት ኢሜይል መልስ ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ውስጥ ከቡና ላኪው እስከ ሥራ ፈላጊው ተመራቂ ድረስ «ኢሜይል ላክሁ፤ መልስ ግን የለም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ወቀሳው ሁልጊዜ በተቀባዩ ላይ ይወርዳል። እኔ ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት የተላከው ደብዳቤ ነው እላለሁ።

ችግር፦ ደብዳቤው ሳይከፈት ይቀራል።
ምክንያት፦ የጉዳዩ መጻፊያ ባዶ ነው፤ ወይም «ሰላም» ብቻ ተጽፎበታል።
መፍትሄ፦ «የጅማ 5 ቡና ናሙና፤ የዋጋ ጥያቄ» ብለው ይጻፉ። ከሰላምታ ቀጥሎ ማን እንደሆኑና ምን እንደሚፈልጉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይግለጹ። በማግስቱ «ምነው ዘጉኝ?» ብሎ መጎትጎት ግን ነውር ነው።

ችግር፦ ቀጠሮው ይፋለሳል።
ምክንያት፦ ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። «ሐሙስ በ3 ሰዓት እንነጋገር» ብሎ ወደ ጀርመኗ ሃምቡርግ የሚጽፍ ነጋዴ ጠዋት ማለቱ ነው፤ ገዢው ግን ከቀትር በኋላ አድርጎ ያነበዋል። አንዱ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል፣ ሌላው ገና ቁርሱን አልበላም። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ የእኛ መስከረም 1 በእነርሱ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው።
መፍትሄ፦ ለውጭ ሰው በእርሱ አቆጣጠር ይጻፉ፤ የእኛ የጠዋት 3 ሰዓት «9፡00 በአዲስ አበባ ሰዓት» ይባላል። የጀርመን ሰዓት ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ገደማ ከእኛ በ1 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ይህን አስልቶ ማቅረብ የላኪው ድርሻ ነው፤ ለሰው ጊዜ ክብር መስጠት የሚታየውም እዚህ ላይ ነው።

ችግር፦ አማርኛው ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይደርሳል።
ምክንያት፦ ዩኒኮድ (በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ እንዲነበብ የተዘጋጀ የፊደል ኮድ) ባልሆነ አሮጌ የግዕዝ ፎንት ተጽፏል።
መፍትሄ፦ በዩኒኮድ ይጻፉ፤ አሮጌውን ሰነድ በፒዲኤፍ ይላኩ።

ችግር፦ አባሪው አልሄድ ይላል። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አያያይዝም፤ ትልቁን ፋይል በጉግል ድራይቭ ሊንክ ይላኩ፣ የማየት ፈቃድ መስጠትዎንም ያረጋግጡ።

ችግር፦ ደንበኞች ይቀየማሉ።
ምክንያት፦ የዋጋ ዝርዝሩ ለሁሉም በአንድ ላይ ሲላክ የእያንዳንዱ አድራሻ ለሌላው ተጋልጧል። ይህን እንደ ቀላል ስህተት አላየውም፤ የሰው አድራሻ በአደራ የተሰጠ ነው።
መፍትሄ፦ አድራሻዎቹን ቢሲሲ (Bcc) በሚለው፣ ተቀባዮች አንዱ የሌላውን አድራሻ በማያይበት ሳጥን ያስገቡ። የተጋለጠ ካለ በዚያው ቀን ለእያንዳንዱ ለየብቻ ይቅርታ ይጻፉ።