የአየርላንድ ሞዴል ባቡር ልክ መሆኑን እንዴት ነው የምታውቁት? ካሊፐር፣ ፎቶና ትንሽ ተጠራጣሪነት

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ደብሊን ገብቼ ይሄ የሞዴል ባቡር አባዜ ሲይዘኝ የመጀመሪያ የገዛሁት ማርክ 3 የሚባለውን የመንገደኛ ፉርጎ ነበር፣ ኦንላይን ከአንድ ሰው ላይ ያገለገለ፣ ብርቱካናማና ጥቁር ቀለሙ ጣቢያ ቆሞ እንደማየው አይነት፣ በቃ ደስ ብሎኝ ሁለት ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ሳዞረው ከረምኩ። ከዛ አንድ ቀን ከእውነተኛው ፎቶ ጋር አጠገብ ላጠገብ ሳስተያየው በሩ ላይ አይኔ ቀረ። የእንግሊዝ ማርክ 3 በሩ በማጠፊያ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ በእጅ ገጭ አድርገው የሚዘጉት ነው። ከ1984 ጀምሮ (አመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ ነው) ለአየርላንድ የተሰሩት ግን አውቶማቲክ በር ነው ያላቸው። የኔው ፉርጎ ለካ እንግሊዛዊ ነው፣ የአየርላንድ ልብስ አልብሰው ነው የሸጡልኝ።

ይሄ ነገር በአየርላንድ ሞዴል ላይ የቆየ በሽታ ነው። ገበያው ትንሽ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ የእንግሊዝ ሞዴል ቀለም ተቀይሮ ነበር የሚሸጠው። አሁን እንደ መርፊ ሞዴልስና አይሪሽ ሬይልዌይ ሞዴልስ ያሉት ከስሩ ለአየርላንድ ብለው የሚሰሩ ስላሉ ነገሩ በጣም ተሻሽሏል፣ ግን ያገለገለ ገበያው ላይ ሁለቱም ተደባልቆ ነው ያለው። ስለዚህ ከቀለሙ ስር ማየት መልመድ አለባችሁ፣ እኔ የማደርገው እንዲህ ነው።

1. አመት ምረጡ

ሞዴል ከመምረጣችሁ በፊት አመት ምረጡ። ብዙ ሰው ያማረውን ሁሉ ይገዛና መጨረሻ ላይ የ1955 ቀለሙን የለበሰ ሎኮሞቲቭ በ1984 የተሰራ ፉርጎ ሲጎትት ታያላችሁ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ልክ ነው፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አያቱ የልጅ ልጁን ጃኬት የለበሰ ነው የሚመስለው።

ሻካራ የጊዜ መስመር ልስጣችሁ። የአየርላንድ የትራንስፖርት ድርጅት ሲአይኢ የተቋቋመው 1945 ነው፣ እንፋሎት እዛ ያበቃው 1963፣ ሰሜን አየርላንድ ላይ ግን እስከ 1970 ቆይቷል። ኤ ክላስ የሚባሉት 60 ናፍጣ ሎኮሞቲቮች 1955 ላይ ገቡ፣ ከዛ የአሜሪካኖቹ የጄኔራል ሞተርስ ስራዎች ተከታተሉ፦ 121 ክላስ በ1961፣ 141 በ1962፣ 181 በ1966፣ 071 በ1976፣ 201 ደግሞ በ1994። (የ201 የመጀመሪያው ከካናዳ የመጣው በመርከብ እንዳይመስላችሁ፣ አንቶኖቭ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ተጭኖ ነው። መቶ ቶን የሚያክል ባቡር በአየር!) ኢርንሮድ ኤረን የሚለው የአየርላንድ ባቡር ድርጅት ስም የመጣው 1987 ነው፣ ከዛ በፊት ባለው አመት ላይ የሱን አርማ ካያችሁ ዝለሉት።

እኔ የመረጥኩት 1975ን ነው። አንዴ ከመረጣችሁ ግዢው ራሱ ይቀንሳል፣ ባለቤቴም በዚህ ደስተኛ ናት።

2. ፎቶ ፈልጉ፣ ግን የሞዴል ፎቶ አይደለም

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ሞዴሉን ከሌላ ሞዴል ፎቶ ጋር ያስተያያል፣ ስህተቱም አብሮ ይዛመታል። የእውነተኛውን ባቡር ፎቶ ነው የምትፈልጉት፣ ያውም ቢያንስ ሶስት፦ ከጎን፣ ከፊት፣ እና ከተገኘ ከላይ፣ ከድልድይ ላይ የተነሳ፣ ምክንያቱም ሞዴላችንን ሁሌ የምናየው ከላይ ሆነን ነው፣ ጣሪያውን ፎቶ የሚያነሳው ሰው ግን ጥቂት ነው። የአየርላንድ ብሄራዊ ቤተ መፃህፍት ውስጥ የኦዴይ ስብስብ የሚባል የባቡር ፎቶ ክምችት አለ፣ ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ ላለው ጊዜ ወርቅ ነው። ከ1946 ጀምሮ ያለው የአየርላንድ የባቡር ታሪክ ማህበርም ደብሊን ላይ የራሱ መዝገብ አለው።

3. ለኩ

በጣም የተለመደው ኦኦ የሚባለው ስኬል ነው፣ እውነተኛው 1 ጫማ ሞዴሉ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ማለትም 1 ለ 76.2። ስለዚህ ሂሳቡ ቀላል ነው፣ የእውነተኛውን ርዝመት በሚሊ ሜትር ለ76.2 አካፍሉ። ማርክ 3 ርዝመቱ 23 ሜትር ገደማ ነው፣ 302 ሚሜ አካባቢ መምጣት አለበት። ፉርጎው 280 ከመጣ አሳጥረውታል ማለት ነው፣ ለጠባብ ኩርባ ሲሉ ድሮ እንደዛ የሚያደርጉ ነበሩ።

የዲጂታል ካሊፐር (እቃውን በሁለት መንጋጋ ይዞ የሚለካው መሳሪያ) ዋጋ አያስፈራም፣ ግዙት፣ ማስመሪያ አይሆንም።

ኮንቴይነር የጫነ ፉርጎ ካላችሁ ደግሞ ኮንቴይነሩን ነው መጀመሪያ የምትለኩት። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር አለም ላይ አንድ አይነት ነው፣ 6058 ሚሜ፣ በኦኦ 79.5 ይሆናል። አንዴ ፉርጎው ልክ ሆኖ ኮንቴይነሩ ግን የሆነ ቅር የሚል ነገር ነበረው፣ እንደ ልጅ ጫማ ሰፊ ቦታ ላይ የተቀመጠ ይመስላል፣ ስለካው 69.6 መጣ። 6058ን ለ87 አካፍሉት፣ እሷው ናት! ኮንቴይነሩ ኤችኦ ስኬል ነው፣ አውሮፓና አሜሪካ የሚጠቀሙበት 1 ለ 87፣ ሻጩ ከሌላ ሳጥን አንስቶ ነው ያስቀመጠው። በአይን ብቻ ብዙ ሰው አይለየውም፣ ካሊፐሩ ግን በአንድ ሰከንድ ነገረኝ።

4. ጎማው ስር ያለውን ትልቁን ውሸት እወቁት

አሁን ወደ ዋናው ጉድ እንምጣ። የአየርላንድ ሀዲድ ስፋቱ 5 ጫማ ከ3 ኢንች ነው፣ 1600 ሚሜ። አብዛኛው አለም 1435 ነው። ለምን ተለየ ብትሉ፣ 1830ዎቹና 40ዎቹ ውስጥ እዛች ትንሽ ደሴት ላይ ሶስት ድርጅት ሶስት አይነት ስፋት ዘርግቶ ነበር፣ አንዱ 4 ጫማ ከ8 ኢንች ተኩል፣ አንዱ 5 ከ2፣ የሰሜኑ ደግሞ 6 ከ2፣ ጄኔራል ፓስሊ የሚባል የመንግስት ተቆጣጣሪ አስታርቅ ሲባል በግምት አማካዩን ወስዶ 5 ከ3 አለ፣ 1846 ላይ በህግ ፀደቀ። የሀገር ሽማግሌ ፍርድ ነው እኮ፣ ማንንም አላስደሰተም ግን ፀና።

በሞዴል ሲሰላ 1600 ሚሜ 21 ሚሜ ይሆናል። ሱቅ የምትገዙት የኦኦ ሀዲድ ግን 16.5 ሚሜ ነው። 4.5 ሚሜ ጎደለ ማለት ነው! ለእንግሊዝ ሞዴልም ጠባብ ነው፣ ለአየርላንድ ግን ይብሳል፣ ለዛ ነው ከፊት ስታዩት ጎማዎቹ ወደ ውስጥ የገቡ፣ ባቡሩ እግሩን ገጥሞ የቆመ የሚመስለው። (ለግንዛቤ፣ የኛ የድሮው የለገሃር መስመር 1 ሜትር ነበር፣ በዚሁ ስኬል 13.1 ሚሜ ይሆናል።)

ምን ታደርጋላችሁ? ሁለት ምርጫ ነው ያለው። ወይ 21 ሚሜ ሀዲድ በእጃችሁ ትሰራላችሁ፣ የሁሉንም ጎማና አክስ ትቀይራላችሁ፣ ይሄ የአመታት ስራ ነው፣ የሚሰሩትን ሰዎች ባርኔጣ አውልቄ ነው የማያቸው። ወይ ደግሞ 16.5ን ተቀብላችሁ ከጎን ብቻ ታዩታላችሁ። እኔ ሁለተኛው ነኝ። ሀዲዱ ጠባብ ነው ብላችሁ ግን ሻጩን አትውቀሱ፣ እሱ የሚሸጠው ሰው ቤት ባለው ሀዲድ ላይ የሚሄደውን ነው።

5. ቀለሙና ቁጥሩ ይስማማሉ ወይ?

ቀለም ላይ ሁሉም ሰው ይከራከራል፣ ብርቱካናማው ደመቀ፣ ፈዘዘ፣ ምናምን። ይሄ ብዙም አያስጨንቃችሁ፣ እውነተኛው ራሱ ፀሀይና ዝናብ ላይ ቀለሙ ይቀያየር ነበር። የሚያስጨንቀው ቀለሙና ቁጥሩ አንድ ዘመን ላይ መሆናቸው ነው። ኤ ክላስ ሲመጣ ብርማ ነበር፣ ቶሎ እየቆሸሸ ስላስቸገረ ወደ አረንጓዴ፣ ከዛ ወደ ጥቁር ሄዱ። 121 ደግሞ ሲገባ ግራጫና ቢጫ ነበር። ብርቱካናማና ጥቁሩ 1972 ነው የመጣው።

ቁጥሩ ላይ ፊደሏን እዩ። ኤ39 ከሆነ የድሮው የክሮስሊ ሞተር ያለው ነው፣ ኤ39አር ከሆነ በጄኔራል ሞተርስ ሞተር ተቀይሯል፣ ይሄ ደግሞ ከ1968 ወዲህ ነው። በ1970ዎቹ ፊደሎቹ ቀርተው ቁጥር ብቻ ሆነ፣ ኤ39አር 039 ተባለ። ስለዚህ ብርማ ቀለም ላይ አር የሚል ፊደል ካያችሁ አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የለጠፋት ናት።

6. ጥራቱን ፈትሹ

ትክክለኛ መሆንና ጥሩ መሆን ይለያያል፣ ሁሉ ነገሩ ልክ ሆኖ ከሀዲድ እየወጣ የሚያስለቅስ አለ።

መስታወት አምጡ፣ የመታጠቢያ ቤት ትንሽ መስታወት ይበቃል፣ ፉርጎውን አስቀምጡበት፣ ቀጭን ወረቀት በየጎማው ስር ለማስገባት ሞክሩ። በአንዱ ጎማ ስር ወረቀቱ ሸርተት ብሎ ከገባ ሻሲው ተጣሟል። ባለ ብሎን ከሆነ ብሎኖቹን ላላ አድርጉ፣ መስታወቱ ላይ እንዳለ በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ መልሳችሁ አጥብቁ፣ ብዙ ጊዜ በዚህ ይስተካከላል።

ቀጥሎ በካሊፐሩ ውስጠኛ መለኪያ በሁለቱ ጎማዎች ጀርባ መሀል ያለውን ክፍተት ለኩ፣ ለኦኦ 14.5 ሚሜ አካባቢ ነው። ከጠበበ ፉርጎው የሀዲድ መለያያ ላይ እየዘለለ ይወጣል፣ ጎማውን ቀስ ብሎ እያጠማዘዙ መሳብ ነው። ክብደቱን ደግሞ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አድርጉት፣ ለአንድ አክስ 25 ግራም የሚል የልምድ ሂሳብ አለ፣ ባለ ሁለት አክስ 50፣ ባለ ቦጊ (ከስሩ ሁለት ሁለት አክስ ያላቸው ሁለት የሚዞሩ ጋሪዎች ያሉት) 100። ከጎደለ ከውስጥ እርሳስ ወይም ብሎን አጣብቁበት። ማያያዣው ከሌሎቹ ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆኑንም እዩ።

7. ቁጥር መቀየር

ቀለሙ ልክ ሆኖ ቁጥሩ ብቻ ዘመኑን የሳተ ከሆነ አትመልሱት፣ ቀይሩት። የኢናሜል ቀለም ቲነር ያስፈልጋል፣ የመኪና ቀለም ቲነር እንዳትነኩ፣ ፕላስቲኩን እንደ ቅቤ ነው የሚያቀልጠው። መጀመሪያ ከስሩ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩ። የጆሮ ጥጥ ጫፉን ነክራችሁ፣ በጨርቅ መጥጣችሁ፣ ቁጥሩ ላይ ብቻ ክብ ክብ እያደረጋችሁ ሳትጫኑ እሹ፣ ጥጡ ነጭ ነጭ ማለት ሲጀምር ቁጥሩ እየለቀቀ ነው፣ የስሩ ቀለም ጥጡ ላይ ከመጣ ግን ወዲያው አቁሙ። እኔ የመጀመሪያውን ስሰራ ቸኩዬ ጥቁሩንም ይዤው ሄድኩ፣ የሎኮሞቲቩ ጎን ላይ የሳንቲም ያህል ራሰ በራ ወጣ።

ሲደርቅ ቦታው ላይ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ቀቡ፣ ሻካራ ላይ ከለጠፋችሁ ዴካሉ (ቁጥሩ የታተመበት፣ በውሀ ነክረው የሚለጥፉት ስስ ልጣፍ) ዙሪያው ነጭ ጭጋግ ይይዛል። አዲሱን ዴካል ለብ ያለ ውሀ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ አቆዩ፣ በወረንጦ ሳይሆን በእርጥብ ብሩሽ አንሸራታችሁ አስቀምጡ፣ ፎቶውን እያያችሁ ከመስኮቱ ስር ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚወርድ ለኩ። ሌሊቱን ይደር። በማግስቱ የማያብረቀርቀውን ቫርኒሽ ከላይ ንፉበት፣ መስኮቱን በቴፕ መሸፈን እንዳትረሱ።