ለሀገር ቤት ቤተሰብ መኪና፦ በካሽ ነው በብድር?

ወንድም ደውሎ "ጥሩ ቪትዝ አግኝቻለሁ፣ ዛሬ ካልተከፈለ ያመልጠናል" ካላችሁ ያምልጥ። መጀመሪያ ብሩ ከየት እንደሚመጣ ወስኑ።

ብድር ስታስቡ ከወለዱ በፊት ዕዳው በብር ይሁን በዶላር የተቆረጠው እዩ። ሐምሌ 22/2016 ምንዛሬው ለገበያ ሳይለቀቅ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ፣ ስለዚህ ከዛ በፊት በብር ተበድሮ ከዲሲ ወይ ከዱባይ የሚከፍል ሰው ዕዳው በዶላር ሲታሰብ ወደ ግማሽ ወረደለት ማለት ነው። የዳያስፖራ ብድር (የሀገር ቤት ባንኮች ውጭ ለሚኖሩ የሚሰጡት) ብዙ ጊዜ ክፍያውን በውጭ ምንዛሬ ነው የሚፈልገው፣ እሱ ችግር የለውም፣ ግን ወርሃዊው በብር ተቆርጦ በዕለቱ ምንዛሬ ይሰላል ወይስ ከመጀመሪያው በዶላር ነው? በዶላር ከሆነ ይሄ ጥቅም የለም፣ ካሽ ይሻላል።

ደሞ ባንክ የሚያበድረው በራሱ ግምት እንጂ ሻጩ በጠራው ዋጋ አይደለም፣ ልዩነቱን ከኪስ ነው የምትሞሉት። ብዙ ዓመት ያገለገለ መኪና ከሆነማ ብድር ማግኘት ይከብዳል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮም ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ላይ ጣሪያ ስላስቀመጠ (ሲጀመር 14 ፐርሰንት ነበር) ባንኩ "ብድሩ ጸድቋል" ካላችሁ በኋላም ብሩ እስኪለቀቅ ወረፋ ሊኖር ይችላል።

ብድር ሰው የማያስበው አንድ ጥቅም አለው፣ ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ላይ የባንክ ዕገዳ ስለሚኖር እናንተ ሳታውቁ ማንም አይሸጠውም፣ ሙሉ ኢንሹራንስም ግዴታ ይሆናል። በቤተሰብ መሃል መኪና ስንቱን እንዳጣላ የምታውቁት ነው።

በካሽ ከሆነ ይሄን ጥበቃ ራሳችሁ ስሩት። ሊብሬው በናንተ ስም ይሁን። ከኤምባሲ የምትልኩት ውክልና ለመግዛት፣ ስም ለማዛወር፣ ቦሎና ኢንሹራንስ ለማሳደስ ይበል፣ "ለመሸጥ ለመለወጥ" የምትለዋ ትውጣ። ወረቀቱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ስለሚያልፍ ጊዜ ይወስዳል፣ አስቀድማችሁ ላኩ። ብር ከመተላለፉ በፊትም የመኪናው ፋይል ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ ዕዳና ዕገዳ የሚያጣራ ሰው ይኑራችሁ፣ ደላላው ግን አይሁን።

እዛው ያላችሁበት ሀገር ፐርሰናል ሎን ወስዳችሁ ለመላክ ካሰባችሁ አይመከርም፣ መኪናው ቢገጭም እናንተ ስራ ብታጡም ክፍያው አይቆምም።

አዲስ መኪና ከፈለጋችሁ ደሞ ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ምርጫችሁ በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ነው፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ እናትና አባት ቻርጀሩን የት እንደሚሰኩት ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።