የአውሮራን ቦታና ኃይል ከሳተላይት መረጃ ስትገምቱ፦ ችግርና መፍትሄ

ድሬዳዋ ከምድር መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ስለሆነች አውሮራን (የዋልታ ብርሃንን) ከከዚራም ሆነ ከሳቢያን ቀና ብሎ ማየት አይታሰብም። የት እንዳለና ምን ያህል እንደበረታ ከሳተላይት መረጃ ተነስቶ መገመት ግን እዚሁ ተቀምጦ ይቻላል። የፊዚክስ ተማሪዎች ሲሞክሩት ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው።

የአውሮራው ጠቅላላ ኃይል ግምት በአንዱ ዙር 30 ጊጋዋት፣ በቀጣዩ 80 ይላል

ምክንያት፦ አውሮራው በእርግጥ በርትቶ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግን የሳተላይቱ መንገድ ነው። መረጃውን እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) ይሰበስቡ የነበሩት የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተቋም (ኖዋ) የዋልታ ሳተላይቶች 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው በ100 ደቂቃ አካባቢ ምድርን ይዞሩ ነበር። የሚለኩት በሄዱበት መስመር ላይ ወደ ከባቢ አየር የሚወርዱትን ኤሌክትሮኖችና ፕሮቶኖች ብቻ ነበር። የቀረው የአውሮራ ቀለበት ከብዙ የቀደሙ ዙሮች በተሠራ አማካይ ንድፍ ይሞላ ነበር። መስመሩ የቀለበቱን ጠርዝ ብቻ ነክቶ ካለፈ ትልቁ ድምር የቆመው በጥቂት ልኬት ላይ ነው ማለት ነው።

መፍትሄ፦ በመረጃ ፋይሉ ውስጥ ከኃይሉ አጠገብ የተጻፈችውን «ኤን» የተባለችውን የማስተካከያ ቁጥር እዩ። ከ2 በታች ከሆነች ግምቱ ይታመናል፤ ከ2 እየራቀች በሄደች መጠን እምነታችሁን ቀንሱ። 80 ጊጋዋት ከ3.1 ጋር ቢመጣ እኔ ግራፉ ላይ በባዶ ክብ አስቀምጠዋለሁ እንጂ ከሌሎቹ ነጥቦች ጋር በመስመር አላያይዘውም። መጣሉን ግን አልወድም፤ ሌላ ሳተላይት ትንሽ ቆይቶ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ሰዓቱ አይገጥምም

ፋይሉ የሚሄደው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። 12:00 ሲል በኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ድሬ ከቀትር እረፍቷ የምትነሳበት። አንዱ 3 ጨምሮ 15 ይጽፋል፣ ጓደኛው በኛ ቆጥሮ 9 ይጽፋል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሰንጠረዡ ግን ይበላሻል። የፋይሉን ሰዓት እንዳለ ተዉት፤ የኛን የምትፈልጉ ከሆነ ለብቻው ዓምድ ስጡት።

ቀለበቱ ያለቦታው ወጣ

በተለመደው የካርታ ኬክሮስ ስለሠራችሁ ነው። ቀለበቱ የሚከበው ጂኦማግኔቲካዊውን ዋልታ ነው (ኮምፓስ የሚያመለክተውን ሳይሆን ከምድር አጠቃላይ መግነጢሳዊ መስክ የሚሰላውን)፤ እሱ ደግሞ ወደ ሰሜን አሜሪካ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ በተመሳሳይ ኬክሮስ ካናዳ ላይ የታየው ሳይቤሪያ ላይ ላይታይ ይችላል። ወደ መግነጢሳዊ ኬክሮስ ቀይሩት፤ በአዘቦቱ ቀን ከ65 እስከ 70 ዲግሪ አካባቢ ታገኙታላችሁ፤ መግነጢሳዊ ማዕበል ሲመጣ ወደ ምድር ወገብ አቅጣጫ ይሰፋል።

ኃይሉ ትልቅ ነው፣ ትሮምሶ ያለ ሰው ግን ምንም አላየም

ደመና ነው፣ ካልሆነም ፀሐይ። ኖርዌይ ውስጥ ትሮምሶ ላይ በሰኔ ፀሐይ አትጠልቅም፤ ሳተላይቱ ግን የሚቆጥረው ቅንጣት ስለሆነ ቀንና ሌሊት አይለይም። ግምታችሁን ከፎቶ ጋር ከማስተያየታችሁ በፊት በዚያ ሰዓት ቦታው ጨለማ እንደነበረ አጣሩ።